በወረርሽኝ ጊዜ የጥናት መጠይቅ አዘገጃጀት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በየቤቱ ደጃፍና በየስልኩ ከወትሮው የበዙ ጥያቄዎች ይቀርቡ ጀመር። በቤቱ ውስጥ ትኩሳት ያለበት ሰው አለ? ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ አለ? ውኃና ሳሙና ይገኛል? ከእነዚህ ጥያቄዎች በስተጀርባ መልሱን ይዞ የሚወስን አካል አለ። የውኃ ቦቴ ወደ የትኛው ሰፈር እንደሚሄድ፣ የጤና ባለሙያ ወደ የትኛው ወረዳ እንደሚሰማራ፣ የትኛው መልእክት በየትኛው ቋንቋ በሬዲዮ እንደሚተላለፍ የሚወሰነው በከፊል ተራው ሰው በሰጠው መልስ ነው። የመልሱ ጥራት ደግሞ አስቀድሞ በጥያቄው ይወሰናል።

መጠይቅ ማዘጋጀት የተመራማሪዎች ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የአባላቱን ችግር ለማወቅ የሚሻ ዕድር፣ የወላጆችን ሐሳብ የሚሰበስብ ትምህርት ቤት፣ የሠራተኞቹን ደኅንነት የሚከታተል ድርጅት፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ፣ ሁሉም በየፊናቸው ጥያቄ ይጽፋሉ። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ሲጠይቅና ሲጠየቅ ይውላልና። ስሕተቱ የሚገለጠው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ተሞልቶ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መላሾቹን ዳግመኛ ማስቸገር አይቻልም። ይህ ጽሑፍ መጠይቅ ለሚያዘጋጁም ለሚመልሱም ዜጎች፣ ትክክለኛ መረጃ የሚያስገኝ ጥያቄ እንዴት እንደሚሠራ ያብራራል።

ከጥያቄው በፊት ውሳኔው

በአንድ ከተማ የሚገኝ ዕድር በምሳሌነት ይወሰድ። በ2012 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር፤ ድንኳን ተክሎ ለቅሶ መቀመጥ እንደ ወትሮው አልሆነም፤ የዕድሩ ገንዘብ ግን በባንክ አለ። ኮሚቴው ከገንዘቡ ከፊሉን ለተቸገሩ አባላት ለማዋል አስቦ መጠይቅ ለማዘጋጀት ተነሣ እንበል። አባላቱ «ምን እንጠይቅ?» ብለው ከጀመሩ፣ አንዱ ስለ በሽታው ምልክት፣ ሌላው ስለ ትምህርት ደረጃ፣ ሦስተኛው ስለ ወሬ ምንጭ እያነሣ በአንድ ምሽት አርባ ጥያቄ ይከማቻል። ከአርባው ውስጥ ለዕድሩ የሚጠቅሙት ከአሥር ላይበልጡ ይችላሉ።

መነሻው «ምን ልንወስን ነው?» የሚለው መሆን አለበት። ይህ ዕድር ሊወስን የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፤ ለየትኛው ቤት እህልና ዘይት እንደሚሰጥ፣ ለየትኛው ቤት ጀሪካንና ሳሙና እንደሚደርስ፣ ከቤት መውጣት ለማይችል አረጋዊ መድኃኒት ማን እንደሚያመጣ። «ስለ ኮሮና ቫይረስ መጀመሪያ የሰሙት ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ መልእክት ለሚያሠራጭ መሥሪያ ቤት ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ በዕድሩ ውሳኔ ላይ ግን የሚለውጠው ነገር የለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፈተና ይቀርብለታል። መልሱ «አዎ» ቢሆን ምን ይደረጋል? «አይደለም» ቢሆንስ? በሁለቱም መልስ የሚደረገው አንድ ከሆነ ጥያቄው ይሠረዝ። ረጅም መጠይቅ መላሹን ያሰለቻል፤ የሰለቸ መላሽም የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች የሚመልሰው ለመገላገል ነው። በስልክ ሲሆን ትዕግሥቱ ይበልጥ ያጥራል።

«እጅዎን ይታጠባሉ?»

ይህን ጥያቄ «አይ፣ አልታጠብም» ብሎ የሚመልስ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የስልኩ መጥሪያ ሳይቀር ስለ እጅ መታጠብ በሚናገርበት ጊዜ፣ መላሹ ጥያቄውን እንደ መረጃ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ፈተና ይሰማዋል፤ ፈተና ደግሞ ይታለፋል እንጂ አይወደቅም። ውጤቱ ሲደመር በሰፈሩ ሁሉም ሰው እጁን የሚታጠብ ሆኖ ይታያል። ቧንቧው ሁለት ሳምንት የደረቀበት ሰፈርም በሠንጠረዡ ላይ «ችግር የሌለበት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ቦቴውም ወደ ሌላ ይሄዳል። ይህ የሆነው መላሾቹ ሐሰተኞች ስለሆኑ አይደለም። ጥያቄው ከአንድ በላይ መልስ ስላላስተናገደ ነው።

ጥያቄው ወደ ቅርብ ጊዜና ወደ ተጨባጭ ድርጊት ሲወርድ ነገሩ ይለወጣል። «ትናንት ከቤት ውጭ ውለው ሲመለሱ መጀመሪያ ያደረጉት ምን ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚያወራው ስለ አንድ ቀን ነው፤ ልብስ መቀየሩን፣ ልጅ ማቀፉን፣ ውኃ መቅዳቱን በተራ ይናገራል። መረጃ ሰብሳቢው በተሰጡት መልሶች መካከል እጅ መታጠብ መኖሩን በዝምታ ምልክት ያደርጋል እንጂ ዝርዝሩን አያነብም። ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎቹ የቤቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እጃቸውን የሚታጠቡበትን ቦታ እንዲያሳዩአቸው ይጠይቁ ነበር፤ በቦታው ውኃ መኖር አለመኖሩን፣ ሳሙና ወይም አመድ መኖር አለመኖሩን ዓይተው ይመዘግባሉ። ባዶ ማስታጠቢያ በይሉኝታ አይሸፈንም።

ይሉኝታ በኢትዮጵያ የመጠይቅ አዘጋጅ በብርቱ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አድሮም ቢሆን፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ የሰላምታ መልስ ነው፤ በመጠይቅ ላይ «ጤናማ» ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም። ስለዚህ ሰላምታው በወጉ ይጠናቀቅና ከዚያ በኋላ ስለ ሳል፣ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ትንፋሽ ማጠር አንድ በአንድ ይጠየቃል።

ከይሉኝታ ጋር ደግሞ ፍርሃት አለ። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አለማድረግ በሚያስቀጣበት ወቅት «ማስክ ያደርጋሉ?» ብሎ መጠየቅ መላሹን በራሱ ላይ እንዲመሰክር መጋበዝ ነው። ለይቶ ማቆያ መግባት የሚፈራ ሰውም ትኩሳቱን ይደብቃል። እዚህ ላይ የቃላት ማሳመር ብቻውን አያድንም። ጠያቂው ከደንብ አስከባሪ ጋር አብሮ ሊመጣ አይገባም፤ ስምም የማያስፈልግ ከሆነ አይጻፍም። ጥያቄውም ጥፋተኛ በማያደርግ መንገድ ሊቀርብ ይችላል፦ «ማስክ በታክሲ ውስጥ ረጅም ሰዓት ማድረግ ብዙ ሰዎችን ይቸግራቸዋል። እርስዎ ባለፈው ጊዜ ታክሲ ሲሳፈሩ አድርገውት ነበር፣ አውልቀውት ነበር ወይስ አልያዙም ነበር?» ሦስቱም መልሶች እንደሚጠበቁ የተረዳ ሰው የሆነውን ለመናገር ይደፍራል።

ቃሉ የመላሹ ይሁን

ብዙ የጤና መጠይቆች መጀመሪያ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ቋንቋዎች ይተረጎማሉ። በትርጉም መንገድ ላይ የሚጠፋው ነገር ቀላል አይደለም። «የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን ይዞዎት ያውቃል?» የተባሉ እናት «ኧረ በጭራሽ» ሊሉ ይችላሉ፤ ያው እናት ለጎረቤታቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ብርድ መትቷቸው እንደ ነበር ያወጋሉ። ብርድ፣ ጉንፋን፣ ምች፣ እያንዳንዱ ቃል በሕዝቡ ዘንድ የራሱ ስሜትና የራሱ ምክንያት አለው፤ ከሐኪም ቃል ጋር ልክ በልክ አይገጥምም። አዘጋጁ የሚፈልገው ምልክቱን ከሆነ ምልክቱን በስሙ ይጥራ፦ «ባለፉት 14 ቀናት ሰውነትዎ ያተኩስ ነበር?»፣ «አዲስ የጀመረ ሳል ነበረብዎት?»፣ «ጥቂት ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥርዎት ነበር?»።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ «ማኅበራዊ ርቀት» የሚለው አነጋገር በሰፊው ተሠራጭቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. «አካላዊ ርቀት» የሚለውን እንደሚመርጥ አስታውቋል፤ የተፈለገው ሰዎች በአካል እንዲራራቁ እንጂ ግንኙነታቸውን እንዲያቋርጡ አልነበረምና። ማኅበርና ሰንበቴ፣ ዕድርና ዕቁብ ባለበት አገር «ማኅበራዊ ርቀትዎን ይጠብቃሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ከማኅበሬ ወጥቻለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊሰማ ይችላል። «ትናንት ወረፋ ይዘው ከሆነ ከፊትዎ ከነበረው ሰው ጋር ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቀው ነበር?» ማለት ይሻላል።

እጅግ ተራ የሚመስሉ ቃላትም ያሳስታሉ። «ቤተሰብ» ለአንዱ ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ ለሌላው በገጠር ያሉ ወላጆቹ ይጨመራሉ፤ የቤት ሠራተኛዋን፣ ደባሉን፣ ለትምህርት ከአክስቱ ዘንድ የመጣውን ልጅ ግን ብዙ ሰው አይቆጥርም። ቫይረሱ ግን እነዚህንም ይቆጥራል። በርካታ የዳሰሳ ጥናቶች ትርጉሙን የሚያስተካክሉት አብሮ በማደርና አብሮ በመመገብ ነው፤ «ትናንት ማታ እዚህ ቤት ያደሩትን ሰዎች ሁሉ፣ እንግዳም ይሁን ሠራተኛ፣ ይንገሩኝ» ይባላል።

ትርጉሙን ለመፈተሽ የሚጠቅመው ዘዴ መልሶ መተርጎም ነው። አንዱ ባለሙያ ከእንግሊዝኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማሊኛ ይመልሳል፤ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያላየ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ሲነጻጸሩ የተዛነፈው ቦታ ይገኛል። ከላይ የተጠቀሰው የ2008ቱ ዳሰሳ መጠይቆች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተዘጋጅተው ነበር። በመስኩ ላይ መረጃ ሰብሳቢው በራሱ ግምት በቃል እየተረጎመ የሚጠይቅ ከሆነ ግን፣ እያንዳንዱ ጠያቂ የየራሱን መጠይቅ ይዞ እንደ ሄደ ይቆጠራል።

የዐረፍተ ነገሩ አሠራር

አማርኛ ግሡን የሚያሳርፈው መጨረሻ ላይ ነው። ረጅም ጥያቄ በቃል ሲነበብ መላሹ የተጠየቀውን የሚያውቀው በመጨረሻው ቃል ስለሆነ፣ እዚያ እስኪደርስ የመጀመሪያውን ይረሳል። «ባለፉት 14 ቀናት ውስጥ ለሥራም ይሁን ለገበያ፣ ለለቅሶም ይሁን ለሠርግ ከቤት ወጥተው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሳይራራቁ ከ15 ደቂቃ በላይ ያልቆዩበት ቀን አልነበረም?» የሚለውን የሰማ ሰው «አዎ» ቢል ምን ማለቱ ነው? ጠያቂውም አያውቅም። ይህ አንድ ጥያቄ ለሦስት መከፈል አለበት፤ ወጥተው ነበር? የት? እዚያ ምን ያህል ጊዜ ቆዩ?

አሉታዊ ጥያቄ በአጭሩም ቢሆን አደገኛ ነው። «ሳል የለብዎትም?» ለሚለው «አዎ» ያለ ሰው «አዎ፣ የለብኝም» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «አዎ፣ አለብኝ» ማለቱም ሊሆን ይችላል። «ሳል አለብዎት?» ተብሎ ቢጠየቅ ይህ ሁሉ አይመጣም። ሁለት ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ማሠርም እንዲሁ ነው፤ «እጅዎን በሳሙና ይታጠባሉ፣ ማስክስ ያደርጋሉ?» ለሚለው አንዱን ብቻ የሚያደርግ ሰው መልስ የለውም። መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ ደግሞ አለ፦ «ራስዎንና ወገንዎን የሚጠብቀውን ክትባት ለመውሰድ ፈቃደኛ ነዎት?» ይህ ቅስቀሳ ነው። ቅስቀሳ በራሱ ቦታ ተገቢ ነው፤ በመጠይቅ ውስጥ ሲገባ ግን ክትባቱን የሚጠራጠሩት ሰዎች ብዛትም ምክንያትም ይሰወራል፤ የጤና ባለሙያው ማስረዳት ያለበትም ለእነርሱ ነበር።

ጊዜና ቀን መቁጠሪያ

በንክኪ ልየታ ሥራ ከሁሉ የላቀ ዋጋ ያላት ጥያቄ «ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው?» የምትለው ናት። የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው መመሪያ መሠረት፣ ምልክት ከመታየቱ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ከታማሚው ጋር በአንድ ሜትር ርቀት ውስጥ ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ ሰው ንክኪ እንዳለው ይቆጠራል። የሕመሙ መነሻ ቀን በሦስት ቀን ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ቢሳሳት፣ የሚፈለጉት ሰዎች ዝርዝር ይለወጣል፤ አንድ ቤት ያለ ምክንያት ይዘጋል፣ ሌላው ቤት ሳይታወቅ ይቀራል።

ሰው ደግሞ ቀን በቁጥር አያስታውስም። የሚያስታውሰው በዓሉን፣ ገበያውን፣ ለቅሶውን ነው። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ የዒድ አልፈጥር በዓል ደግሞ በግንቦት አጋማሽ ተከበረ። «ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ? ለዳግማዊ ትንሣኤ ደኅና ነበሩ? በማግሥቱስ?» እያለ የሚጠይቅ ባለሙያ ወደ ትክክለኛው ቀን ይጠጋል። «ከማን ጋር ተገናኝተው ነበር?» የሚለውም በጅምላ ሲጠየቅ ሦስት ስም ብቻ ያስገኛል፤ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ በቦታ በቦታ ሲያስኬዱት ግን ባለ ሱቁ፣ የታክሲው ረዳት፣ ቡና የጠራችው ጎረቤት አንድ በአንድ ይመጣሉ። ዕድሜም በዚሁ መንገድ ይጣራል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ወደ 50፣ ወደ 60 ያጠጋጋል፤ በሽታው በአረጋውያን ላይ ስለሚበረታ ግን ልዩነቱ ዋጋ አለው። «በ66ቱ አብዮት ጊዜ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከልደት ቀን የተሻለ መልስ ያመጣል።

የቀን አጻጻፉ ራሱ ወጥመድ አለበት። መጋቢት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ነው። የጤና ጣቢያ ሠራተኛ «4/7/2012» ብሎ የጻፈውን፣ የላቦራቶሪ ቅጽ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚሞላ ሌላ ሠራተኛ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጦ «4/7/2020» ቢያደርገው፣ ማርች 13 የነበረው ቀን ጁላይ 4 ይሆናል፤ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ስሕተት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፣ አቆጣጠሩም ይገለጽ። ሰዓትም እንዲሁ «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። በኮምፒዩተር የሚሞሉ አንዳንድ ቅጾች ከ12 በላይ ወር ስለማይቀበሉ ጳጉሜን ላይ የታመመ ሰው ቦታ ያጣል፤ ይህም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የወቅቱ ነገር በምግብ ጥያቄ ላይ ይበልጥ ይታያል። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው በዐቢይ ጾም መካከል ነበር። በዚያ ሰሞን «ባለፈው ሳምንት ሥጋ፣ ወተት ወይም እንቁላል ተመግበዋል?» ብሎ ችግረኛን ለመለየት የተነሣ ጠያቂ የሚያገኘው የጾመኛ ብዛት ነው። ረኀብን የሚለካ ጥያቄ ምክንያቱን መያዝ አለበት፦ «ባለፉት 7 ቀናት ምግብ ወይም መግዣ በማጣት ምክንያት ሳይመገቡ የዋሉበት ቀን አለ?»

መላሹ የማያውቀው ነገር

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት እየዞረ ውኃ የሚያገኙት ከየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። የሁለት ኩባንያዎች ቧንቧ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ አንደኛው ውኃውን የሚቀዳው ቆሻሻ ከሚገባበት የቴምዝ ወንዝ ክፍል፣ ሌላው ደግሞ ከከተማው በላይ ካለው ንጹሕ ክፍል ነበር። ይሁንና ብዙዎቹ ነዋሪዎች የኩባንያውን ስም አያውቁም። ስኖው ጥያቄውን ደጋግሞ ሰዎቹን ከማስጨነቅ ይልቅ ከየቤቱ ውኃ ቀዳ፤ የሁለቱ ውኃዎች የጨው መጠን ይለያይ ስለ ነበር በብር ናይትሬት ፈትኖ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ለየ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለዛሬም ይሠራል። መላሹ የማያውቀውን ነገር ምንም ዓይነት የተዋበ ጥያቄ አያወጣለትም፤ ግምት እንዲሰጥ ብቻ ያስገድደዋል። «የተከተቡት የትኛውን ክትባት ነው?» ከማለት የክትባት ካርዱን እንዲያሳዩ መጠየቅ፣ ካርዱ ከሌለ ደግሞ መልሱ ከቃል የተገኘ መሆኑን መጻፍ ይገባል። «አላውቅም» የሚል አማራጭም በግልጽ ይቀመጥ። አዘጋጆች ይህን አማራጭ ሰነፍ መልስ ያመጣል ብለው ይፈሩታል፤ ከሐሰተኛ እርግጠኝነት ግን እጅግ ይሻላል።

ማን ተጠየቀ? ማን ቀረ?

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ፊት ለፊት መጠየቅ አደገኛ በሆነበት ወቅት፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ላይ የወረርሽኙን ጫና የሚከታተል የስልክ ዳሰሳ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር 3,249 ቤተሰቦች ተጠይቀዋል፤ እነርሱም የተመረጡት ቀደም ሲል ቤት ለቤት ተካሂዶ ከነበረ የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ዳሰሳ ዝርዝር ውስጥ ነው። ዝርዝሩ አስቀድሞ መኖሩ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ስልክ ያላቸውና የሌላቸው ቤቶች በምን እንደሚለያዩ ስለሚታወቅ በስሌት ለማስተካከል ተሞክሯል። ሆኖም ስልክ የሌለው ቤት ድምፅ በቀጥታ አልተሰማም፤ በገጠር ደግሞ ይህ ትንሽ ክፍተት አይደለም።

በቴሌግራም የሚበተን መጠይቅ ችግሩ የባሰ ነው። የሚመልሱት ዘመናዊ ስልክና የኢንተርኔት ካርድ ያላቸው፣ ጊዜም ፍላጎትም ያላቸው ናቸው። ሁለት ሺህ ሰው ቢመልስም ቁጥሩ ብቻውን ውጤቱን የሕዝቡ ሐሳብ አያደርገውም። በአንድ ቀበሌ ከነዋሪዎች ዝርዝር ውስጥ በዕጣ የተመረጡ 100 ቤቶች ስለዚያ ቀበሌ የተሻለ ይናገራሉ። በቤት ውስጥም ቢሆን በር የከፈተው አባወራ ስለ ሁሉም ይመልስ ከተባለ፣ ውኃ የምትቀዳው ሴት ልጅ ወይም በሌሊት የምታስለው አያት ሳይሰሙ ይቀራሉ። ስለ ራስ የሚጠየቅ ጥያቄ ለባለቤቱ፣ የሚቻል ሲሆን ለብቻ፣ ይቅረብ።

የመላሹ ደኅንነት

ማንኛውም ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት መላሹ ሊነገሩት የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ጠያቂው ማን እንደሆነና ከየትኛው ተቋም እንደ መጣ፣ መልሱ ለምን እንደሚውል፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ ያልፈለገውን ጥያቄ መዝለል ወይም ጭራሽ አለመመለስ እንደሚችል፣ እምቢ በማለቱ የሚቀርበት አገልግሎት እንደሌለ። የጥናት መጠይቅ ከሆነ ደግሞ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የታየ መሆን አለበት። የባንክ ምስጢር ቁጥር ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ «ጥናት» ጥናት አይደለም፤ ነዋሪው በሩን ሊዘጋበት ይገባል። ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው ማስክ አድርጎ፣ ከደጅ ሳይገባ፣ ርቀቱን ጠብቆ ይጠይቃል። በመጠይቁ ላይ የበሽታው ምልክት የተገኘበትን ሰው ጽፎ ብቻ መሄድ ነውር ነው፤ ወደ 8335 ወይም ወደ 952 በነፃ እንዲደውል ይነገረዋል።

ከባድ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ በቤት የሞተ ሰው መኖሩንና ገቢን የሚመለከቱት፣ ወደ መጨረሻው ይቀመጣሉ። መላሹ ጠያቂውን ጥቂት ከለመደው በኋላ ይናገራል፤ ባይናገርም ቀድሞ የሰጠው መልስ አይጠፋም።

በሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት

መጠይቁ በጽሑፍ ካለቀ በኋላ ለጥቂት ሰዎች ይሞከራል። ከላይ የተነሣው ዕድር ጥያቄዎቹን በጎረቤት ዕድር ላሉ ስምንት ሰዎች አቀረበ እንበል። ሲሞከር የሚፈለገው መልሱ አይደለም፤ መላሹ የት እንደሚያመነታ፣ የቱን ጥያቄ «እንዴት ማለት?» እንደሚል፣ የቱ ላይ እንደሚሥቅ ወይም እንደሚከፋው ነው። ከመለሰም በኋላ «ይህን ስጠይቅዎ ምን የተባለ መሰለዎት?» ይባላል። «ገቢዎ ቀንሷል?» ለሚለው ስምንቱም «አዎ» ብለው ከሆነ ጥያቄው ማንንም ከማንም አልለየምና በሌላ ይተካል፤ ባለፉት 7 ቀናት መግዣ አጥቶ ሳይበላ ስለ ዋለው ሰው ይጠየቃል። «ሥር የሰደደ ሕመም» የሚለውን ሦስቱ «ሥጋ ደዌ» ብለው ተረድተውት ቢገኙ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ተብሎ በስም ይዘረዘራል። «ረዳት አለዎት?» ተብለው የተቆጡ አረጋዊ ካሉ «መድኃኒት ሲያልቅብዎ የሚያመጣልዎ ማን ነው?» ተብሎ ይለወጣል።

ከአርባው ጥያቄ አሥራ አንዱ ቀርተው በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ። ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመር ባዶ ይተዋል፤ ኮሚቴው ያላሰበው ችግር ያለበት ቤት የሚያጽፍበት ነው።